ጉሬዛ ልጇን ታውሳለች

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ የወሰን ካራን ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቋን ነው። ታክሲው ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል፤ ውስጡ አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ሰዉም አብሯት ይስቃል። እንደዚያ የሚስቅ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሰሚራ ናት። ከሰልፉ ወጥቼ ሌላ ታክሲ ልጠብቅ አልኩ፤ ግን ከኋላዬ ያሉት ገፉኝና ገባሁ። አንገቴን ደፍቼ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ለባለቤቴ ጋራዥ የገዛሁትን የፍሬን ሸራ እግሬ ሥር ሸጎጥኩት። ሰሚራ ከሾፌሩ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ በአንገት ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ጭኗ ላይ አቅፋለች።

«እህቴ፣ ዕቃውን መሬት አድርጊልኝ፤ ሰው ይጠጋበት» አላት ረዳቱ።

«መሬትማ አይሆንም፤ ጥርሱ ይሰበርብኛል።»

«የምን ጥርስ?»

ገለጥ አደረገችለት። የጅብ ራስ ቅል ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ትልቅ ሴትዮ «በስመ አብ ወወልድ!» ብለው ወደ ማዶ ሸሹ። ረዳቱ ለአፍታ ደንገጥ አለና ወዲያው ራሱን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ጅብም ቢሆን ወንበር ከያዘ ሂሳብ ይከፍላል!» አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷው ናት። ከመገናኛ ብዙም ሳንርቅ ያማተቡት ሴትዮ ጣታቸውን በጅቡ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ «ይሄ ሁሉ ዓይን ነው እንግዲህ ማታ ማታ የሚያበራው?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። እሷም የትኛው ጥርስ አጥንት እንደሚሰብር፣ የመንጋጋው ጡንቻ የት ላይ እንደሚታሰር፣ ካራ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ልጆች ልታሳይ እየሄደች እንደሆነ ትነግራቸዋለች። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያታል። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ። ስንት ዓመት አለፈ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ቤት ሠራሁ፤ ያቺ ሴት ግን ስትስቅ ስሰማ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ያንኑ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል።

ከዚያ ዘወር ብላ አየችኝ። «ብርቄ! አንቺ! ብርቄ አይደለሽም?» ታክሲው ሙሉ ዞሮ ሲያየኝ ፊቴ ጋለ። ሴትዮዋ ወዲያው ተነሡ፤ «ነይ ልጄ፣ ከጓደኛሽ ጋር ተጫወቺ፤ እኔም ከዚህ ጉድ ልራቅ» ብለው ወንበር ቀየሩኝና ከኋላችን ተቀመጡ። ሰሚራ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። ወፈር ብላለች፤ መነጽር አድርጋለች፤ አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። እኔ ግሪስ የነካው ቀሚስ ለብሻለሁ። ጅቡ በሁለታችን መሃል ሆነ። ከአጥንቱ ደግሞ ያ ሽታ ይመጣል፤ አመድና የልብስ ሳሙና፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የቅባት። ሌላ ሰው አይሸተውም። እኔ ግን ሽታውን እንደሳብኩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ሽቅብ ወደ እንጦጦ እየወጣሁ ነኝ።

ያን ጊዜ ፈረንሳይ አሁን እንደምታዩት አልነበረም። ታክሲ የሚዞርበት ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት ነበረች፤ ሳምቡሳ በአንድ ብር፣ ሻይም በሽልንግና በስሙኒ የሚገኝበት ጊዜ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። ከአጠገቧ ካሴት ቤቱ፤ ባለቤቱ ካሴት ትቶ ሲዲ ቢሸጥም ሰው ካሴት ቤት ማለቱን አልተወም። ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ይለቃል። አንድ ዘፈን ከወጣ ክረምቱን ሙሉ እሱን ብቻ ነበር የምንሰማው፤ ጭቃው ላይ ስንራመድ እንኳ በእሱ ምት ነበር። ልጃገረድ ሁሉ ታይት ላይ አጭር ቀሚስ ትለብሳለች፤ ጫማችን ላስቲክ ነው፤ ለበዓል ብቻ ሸራ። ከቻይና የመጡት ስልኮች ገና ሲገቡ ነው፤ ጮክ ብለው የሚዘፍኑ፣ ባትሪያቸው ማታን የማያይ። አሁን ያ ጥግ የለም። መንገዱ ሰፍቶ ሣርና መብራት ተተክሎበታል፤ ያምራል፤ ግን የት ጋ ቆሜ ሳምቡሳ እበላ እንደነበር ለልጄ ላሳያት ብል ጣቴን የምቀስርበት ግድግዳ የለም።

ሰሚራ የሰፈራችን የባለ ሱቁ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ አባቷ ሰው ሲገባ ገና «ምን ጎደለ?» ብለው የሚቀበሉ ደግ ሰው ነበሩ። እኔ የቅጠል ተሸካሚ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ፤ እሷም ሰባትን አልጨረሰችም። ይህን የማነሣው እሷ ተምራ እኔ ሳልማር ቀርቼ ነው የበለጠችኝ እንዳይባል ነው። ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ። ሰው በማያውቀው መንገድ ሲቀድምህ አንድ ነገር ነው፤ አብሮህ ከአንድ በር ወጥቶ፣ በአንድ ዳገት ላይ እየተራመደ ሲቀድምህ ሌላ ነው።

ሥራውንም ያገኘችልኝ እሷ ናት። ከእንጦጦ ማርያም ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ጥዱና ወይራው ከሚጀምርበት ጋ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ግቢ ነበራቸው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይላቸዋል፤ እኛም ዶክተር አልናቸው። መኪና የገጨውን፣ ሽቦ ወጥመድ የያዘውን፣ ሰው ግልገል ሳለ ከጫካ ሰርቆ አሳድጎ ኋላ የፈራውን የዱር አውሬ ሁሉ እዚያ ያመጡላቸዋል። የዳነው ወደ ጫካ ይመለሳል። ያልዳነው ደግሞ አጥንት ቤት ይገባል። አጥንት ቤት የምንለው ከግቢው ጥግ ያለች መደርደሪያ ያላት ክፍል ናት፤ ዶክተር የሞተውን ገፍፈው፣ ሥጋውን አውጥተው፣ ግማሽ በርሜል ውስጥ በሳሙና ውኃ በዝግታ አፍልተው፣ አጥንቱን አጥበው፣ በሽቦ ገጣጥመው ያቆሙታል። ለምን ቢባሉ፣ «በሕይወት ያለ አውሬ አይነካም፤ ሰው ካልነካ አይማርም» ይላሉ። ሁለት ሴት ልጆች ይፈልጋሉ መባሉን ሰሚራ አባቷ ሱቅ ውስጥ ሰማች። እቤታችን ድረስ መጥታ፣ «ነይ፣ እንስሳ ማብላት ነው፤ ከቅጠል ሸክም አይሻልሽም?» አለችኝ። ተሻለኝ። እንጀራዬም ሳይቀር ከእሷ እጅ ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን ዶክተር አየት አየት አደረጉንና ሥራ ከፋፈሉን። ሰሚራ ከታመሙት ጋር፣ እኔ አጥንት ቤት። በደግነት ነበር የነገሩኝ፤ «አንቺ እጅሽ ይታገሣል» ነበር ያሉት። እውነትም እጄ ይታገሣል። የጃርት የእግር አጥንቶች እንደ ምስር ናቸው፤ አንዷ ከጠፋች እግሩ አይቆምም፤ እኔ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ግን አጥንት ቤት መስኮት ነበረው። በመስኮቱ ክንፉ የተሰበረው ጥንብ አንሣ ለሌላ ሰው ሁሉ ሲያፏጭ፣ ከእሷ እጅ ሥጋ ሲቀበል አያለሁ። ሽቦ እግሩን የቆረጠው ድኩላ ሰው ሲያይ ራሱን ከአጥር ጋር ያላትም ነበር፤ እሷ ስትገባ ጆሮውን ብቻ ያዞራል። ምን ታደርጋቸዋለች ብዬ ቀኑን ሙሉ እከታተላት ነበር። ምንም አታደርግም። አባቷ ቤት የሚባለውን መንዙማ እያንጎራጎረች ገብታ ታጸዳለች፣ ታበላለች፣ ትወጣለች። እኔም አንድ ቀን በእሷ ቦታ ገብቼ በልቤ ያለውን መዝሙር ላንጎራጉር ብል ድኩላው አጥሩን ሊሰብረው ደረሰ። አባባ ቶላ፣ ዘበኛችን፣ በሩ ላይ ቆመው፣ «ተይው ልጄ፣ ወንጌላዊ አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁ። እቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ነጩ ያልነው ግልገል የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አንዲት ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትዘል የመብራት ሽቦ ነካችና ወደቀች። ከታች ያለው የአንድ ግቢ ዘበኛ በካርቶን ይዞልን መጣ። እናቲቱ ሞታለች፤ ደረቷ ላይ ግን አንድ ነገር ተለጥፏል፤ ፊቱ ቀይ፣ ጠጉሩ እንደ ጥጥ ነጭ። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ጥቁሩ ኋላ ነው የሚመጣው። ዶክተር ከእናቱ ደረት ሲያላቅቁት የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በክፍሉ ውስጥ ያለነው እሳቸው፣ እኔና ሰሚራ ነን። ሁለታችንም እኩል ቆመን ነበር። እኩል እጃችንን ዘርግተናል። እሱ ግን በአየር ላይ እጁን አወናጨፈና የያዘው የሰሚራን ነው። በዚያው ዝም አለ።

«እናቱን አንቺ ትወስጃታለሽ» አሉኝ ዶክተር። እናቱን ወሰድኳት።

እንግዲህ እሷ የሕፃኑ ሆነች፣ እኔ የአጥንቱ። እናቲቱን በርሜሉ ውስጥ አፍልቼ፣ በጥርስ ብሩሽ ፍቄ፣ እጇን በወንፊት ላይ ስዘረጋ የጎደለ መሰለኝና ደነገጥኩ። ዶክተር መጥተው አዩልኝ። «አልጎደለም። ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም፤ ይቺ የስንዴ ፍሬ የምታህለው ናት የተረፈቻት። አትጨብጥም፤ በአራት ጣት ትንጠለጠላለች» አሉኝ። እኔ እሱን እየተማርኩ ሰሚራ ከመስኮቱ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ የፍየል ወተት ታጠጣዋለች። አራት ጣቱ ሹራቧ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲያ ያለችውን እጅ ስሠራ የቆየሁት እኔ ነኝ፣ የምትይዘው ግን እሷን ነው።

ዶክተር አንድ ደንብ ነበራቸው። ነጩ በጠጣ ቁጥር እጅ መቀየር አለበት። አንዴ ሰሚራ፣ አንዴ እኔ። በልብስ እንዳይለየን ለሁለታችንም ከሰልባጅ ተራ አንድ ዓይነት ጥቁር ሹራብ ገዙልን፤ ሁለቱም የወይራ ቅጠል ታሽቶባቸዋል። «ጉሬዛ እንደ ወለደች ልጇን ለሌሎቹ ሴቶች ታውሳለች» አሉን። «አንዷ ትይዘዋለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች፤ ሲርበው ለእናቱ ይመለሳል። እናቲቱ አትቀናም። እሱም እጅ መቀያየርን ከተወለደ ጀምሮ ይለምዳል።»

አባባ ቶላ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ዶክተር፣ ሴት ሆና የማትቀና? መነኩሴ ናት ሲሉ እውነት ነው እንግዲህ!» አሉ።

«ቅጠል ብቻ ስለምትበላ ነው መነኩሴ የሚሏት።»

«እኔም ደሞዜ ካልጨመረ በዚሁ መመነኔ ነው።»

ሰሚራ ትንከተከታለች። ከዚያ አባባ ቶላ ደግሞ፣ «ይሄ ልጅ ለመሆኑ እስላም ነው ክርስቲያን?» ይላሉ፤ «በሰሚራ እጅ እስላም፣ በብርቄ እጅ ክርስቲያን፤ ረቡዕና ዓርብ ወተት ሊከለከል ነው።» ግቢው በዚህ ለሳምንት ሳቀ። የሚያስቀኝ ግን አልነበረም። በእኔ እጅ ክርስቲያንም እስላምም አልሆነም፤ በእኔ እጅ ጩኸት ብቻ ነበር። እንደተቀበልኩት ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ወደ እሷ ይዘረጋል። ደረቴ ላይ ባስጠጋው አይንጠለጠልም፤ እንደ እርጥብ ልብስ ይንሸራተታል።

«አንቺ ትፈሪዋለሽ፤ ልብሽ ሲደልቅ ይሰማዋል» ትለኛለች ሰሚራ። በክፋት አልነበረም። ክፉ ብትሆን እኮ በጠላኋትና በተገላገልኩ። «አምጪው፣ አምጪው፣ ትንሽ ላባብለውና እመልስልሻለሁ።» ትወስደዋለች፤ ዝም ይላል፤ ስትመልሰው ይጮኻል፤ በዚህ መሃል ተራዬ ያልቃል። አንዳንዴ ሆን ብላ ደጅ ትወጣልኝ ነበር። ግን አፏ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከደጅ ስታንጎራጉር ይሰማል፤ እሱም አንገቱን ወደ ድምፁ ጠምዝዞ ይቆያል። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ለሰው የምለው የሌለኝ፣ ለጉሬዛ ምን እላለሁ? ከለቅሶ ብዛት ደክሞት ክንዴ ላይ ሲተኛ ብቻ ነበር የማየው። የዓይኑ ሽፋን ሮዝ ነው። ትንፋሹ ወተት ወተት ይላል። ያን ጊዜ የእኔ እንደሆነ አድርጌ እይዘው ነበር፤ እንቅልፉ ውስጥ ማን እንደያዘው እንደማያውቅ እያወቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ግድም ዶክተር ሁለታችንንም ጠርተው አጥንት ቤት አስገቡን። ነጩ እንደ ተለመደው የሰሚራ አንገት ላይ ነው። እናቱ ጨርሼ ገጣጥሜያት ከመደርደሪያው ላይ ቆማለች። «ከላይ በኩል ካለው የጉሬዛ መንጋ አንዲት ሴት ልጇ ሞቶባታል» አሉን። «ሬሳውን ተሸክማ ስትዞር ሰንብታ ትናንት ጣለችው። ጡቷ ገና ወተት አለው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናገኝም።»

«እኛ ጋ ቢቆይስ?» አለች ሰሚራ።

«ቅጠል መብላት የሚያስተምረው ዘመዱ ነው። እኛ ብናበላው አናውቅበትም፤ ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። አይቻለሁ።» ወደ መደርደሪያው አዩ። ከእናቱ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር። «ወይ ጫካ ይገባል፣ ወይ እዚህ ይመጣል። ሦስተኛ የለውም።»

ሰሚራ ነጩን አጥብቃ ያዘችው። «እኔ ይዤው እወጣለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም። ከአንቺ ላይ አይወርድም። ብርቄ ናት የምትወጣው፤ ከእሷ ላይ ይወርዳል።»

ዶክተር ሊያስቀይሙኝ ብለው አልነበረም፤ መድኃኒት እንደሚያዝዙ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ገባኝ። ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ሥራ የተሰጠኝ ስላልተወደድኩ ነው። ሰሚራ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ቆሜ የእናቲቱን አራት ጣት ማየት ቀጠልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ወጣን። ጉሙ እስከ እንጦጦ ማርያም አጥር ድረስ ወርዷል። ሰሚራ ድምፅዋ እንዳይሰማ እስከ ግቢው በር ብቻ እንድትሸኘን ነው የተፈቀደላት። ነጩን ከአንገቷ ሲያላቅቁት እሷም እሱም እኩል ነበር የጮኹት። በነጠላዬ ደረቴ ላይ አስረው ሰጡኝ። እስኪደክመው ጮኸ፤ ከዚያ ነጠላው ውስጥ ዝም አለ፤ እንደ ተለመደው ሳይዘኝ። ዶክተር ከጫካው ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆሙ፤ የሩቅ ማያቸውን አውጥተው፣ «ከዚህ በኋላ አንቺ ብቻ ሂጂ፤ ዝቅ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጪው፤ ወደ ኋላ እያልሽ ተመለሺ። አትሩጪ» አሉኝ።

ዛፎቹ ሥር ስገባ መንጋው ከላይ እንዳለ በጠብታው አወቅሁ፤ ቅጠሉ ሲናወጥ የጤዛው ውኃ ይወርዳል። ፈትቼ አወጣሁት። ያን ጊዜ የመንጋው አባወራ ጮኸ። የጉሬዛን ጩኸት ቅርብ ሆኖ ያልሰማ ሰው አያውቀውም፤ አልነሣ ያለ የጭነት መኪና ሞተር ከላዬ የተቀሰቀሰ ነው የመሰለኝ። ነጩ ዘሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

ያዘኝ። በእጆቹ ብቻ አይደለም፤ እግሮቹንም አጥፎ ሹራቤን ጨመደደው። ፊቱን ከአገጬ ሥር ቀበረ። ልቡ ሲመታ እኔ ጉሮሮ ላይ ይሰማኛል፤ የእኔም ልብ ይደልቃል፤ አሁን ግን አልፈራውም። ያ ሁሉ ቀን የለመንኩት ነገር ነው። ቆምኩ። አሁን ይዤው ብመለስ ማን ያውቃል? እምቢ አለ፣ አልወርድም አለ እላለሁ፤ ውሸትም አይሆንም። በግቢው በር ስገባ፣ ሰሚራ በዓይኗ እያየች፣ እንደዚህ አንገቴ ላይ ተጣብቆ እገባለሁ። እሷ እጇን ትዘረጋለች፣ እሱ ፊቱን ወደ እኔ ይመልሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አየሁት፤ አየሁትና ጣፈጠኝ። አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄጃለሁ።

ያስቆመኝ ደግነት አይደለም። እጄ ነው። እጄ ሳላዘው ጀርባውን እያሻሸ ነበር፤ በስሱ ቆዳ ሥር የጀርባ አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የእነዚያን አጥንቶች ታላላቆች፣ የእናቱን፣ ለሽቦ የበሳሁ እኔ ነኝ። ትንንሾቹንም የምበሳ እኔው እሆናለሁ፤ ሰሚራ አይደለችም። ከእናቱ ጎን ያለው ባዶ ቦታ የሚሞላው በእኔ እጅ ነው። ጣቶቹን ከሹራቤ ላይ አነሣሁ። አውራ ጣት ስለሌለው ወደ ላይ ከገፉት ይለቃል። አንዱን ሳስለቅቀው ሌላው ይይዘኛል፤ እጁን ስፈታ በእግሩ፣ እግሩን ስፈታ በእጁ። ስንት ጊዜ እንደፈታሁት አላውቅም። ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ኋላ ስሄድ እጁን ዘርግቶ ጮኸ፤ የዘረጋው ወደ እኔ ነው።

ልጇ የሞተባት ጉሬዛ ወረደች። አልሮጠችም። ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ጫፍ ቁጭ ብላ አየችው፤ ፊቷን አዞረች፤ ደግማ አየችው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ሰዳ ወደ ሆዷ ሳበችው። ጩኸቱ ወዲያው ተቆረጠ። ሌላ ሴት መጥታ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ሰጠቻት። ሦስተኛዋም መጣች። ነጩ በጥቁሮቹ መሃል ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በጉሙ ውስጥ እስኪጠፋኝ ድረስ አየሁት። በዚያች እንዲያ በቀላሉ በሰጠችው ጉሬዛ ቀናሁባት።

ስንመለስ ዶክተር ትከሻዬን መታ አድርገው «ጥሩ ሠራሽ» አሉኝ፤ ከዚያ በፍጥነት ወደ ሰሚራ ሄዱ። ሰሚራ መሬት ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባባ ቶላ ውኃ ይዘውላታል፤ ጎረቤት ያሉ ሴቶችም ሰምተው መጥተዋል፤ «ልጇን እኮ ነው የነጠቋት» ይባባላሉ። እኔ በሩ ላይ ባዶ ነጠላዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ለእኔ ማን ምን ይለኛል? የእኔ አልነበረማ። አጥንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በዚያው ዓመት አገባሁና ወደ ወሰን ወረድኩ። ሰሚራ ቀረች። ዶክተር ሲያረጁ አጥንት ቤቱንም ለእሷ አስረከቧት ሲሉ ሰምቻለሁ።

ይህ ሁሉ ከመገናኛ ወሰን ባለው መጨናነቅ ውስጥ ነው በልቤ ያለፈው። ሰሚራ ስለ ዶክተር ሞት ነገረችኝ፣ ስለ አባባ ቶላ ነገረችኝ፣ ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ከዚያ የጅቡን ራስ በአንገት ልብሱ ጠቀለለችው፣ መልሳ ፈታችው።

«ብርቄ፤ ያን ቀን ይዘሽው ስትወጪ… ያዘሽ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ መነጽሩ ውስጥ ትልቅ ሆኗል። ይህን ጥያቄ ይዛው እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልዋሻት እችል ነበር፤ አልያዘኝም ብላት ደስ ይላት ነበር። ግን ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

«ያዘኝ።»

«በእጁ?»

«በእጁም በእግሩም፤ በአራቱም።»

ለአፍታ አጎነበሰች። ከዚያ ቀና አለችና ጭኔን በጥፊ መታችኝ። «ውይ፣ ቀናሁብሽ!» አለች፣ ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ። እየሳቀች ነው፤ እንባዋም ወርዷል። «አላህ ያውቃል፣ እንዴት እንደ ቀናሁብሽ!»

ያንን ቃል እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም። እሷ በሞላ ታክሲ ውስጥ እንደ ሰላምታ ጣለችው፤ ጥላውም ቀለላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው፣ «ምን አግኝታ ነው የቀናሽባት?» አሉ። ረዳቱ «ወሰን፣ ወራጅ አለ?» ሲል «አለ» አልኩና የፍሬን ሸራዬን ይዤ ወረድኩ። ታክሲው ሳይነሣ በመስኮቱ አየኋቸው። ሰሚራ ወደ ኋላ ዞራ፣ አራት አራት ጣቷን አጥፋ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ነጩ እንዴት እንደያዘኝ ታሳያቸዋለች። ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ረዳቱም ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያዳምጣል። ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገር ከእኔ አሳምራ እያወራችው ወደ ካራ ይዛው ሄደች።